ቀዝቃዛው ውሃ ይቅደም

ልጄ፣ ሆቴል ውስጥ በልብስ ማጠቢያ ክፍል ሥራ መጀመርህን እናትህ ነገረችኝ። ደስ ብሎኛል። ከዘመዶቻችን መካከል «ተምሮ ተምሮ አንሶላ ሊያጥብ?» ያሉ እንዳሉም ሰምቻለሁ፤ ተዋቸው። እኔ የሥራ ዘመኔን የጨረስኩት በሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ነው። ከቀዶ ሕክምና የሚወጣው ጨርቅ፣ ከማዋለጃ ክፍል የሚመጣው አንሶላ፣ የሐኪሞቹ ጋዋን፣ ሁሉም በእጄ አልፏል። እዚያ የተማርኩት ኬሚስትሪ ትምህርት ቤት ከተማርኩት ይበልጣል፤ ይህን ስል መምህሮቼን ማሳነሴ አይደለም።

የእድፍ ዓይነቱ ብዙ ነው፤ ሁሉንም ልጻፍልህ ብል ወረቀቱም ትዕግሥትህም አይበቃም። ስለ አንድ ወገን ብቻ ልምከርህ፦ ደም፣ እንቁላል፣ ወተት፣ ላብ፣ የሥጋ ጭማቂ፣ ሕፃን ያስመለሰው። ሲያዩዋቸው አይመሳሰሉም። የሚያመሳስላቸው በውስጣቸው ያለው ፕሮቲን ነው፤ ጨርቅ ላይ የሚያጣብቃቸውም እሱ ነው። ጎበዝ የተባለ አጣቢ በእነዚህ ሲሸነፍ ያየሁት ጉልበት አንሶት አይደለም፤ መጨረሻ መምጣት ያለበትን መጀመሪያ ስላደረገው ነው። ሙቀቱን አስቀደመ፤ በቃ፣ አለቀ።

ሙቅ ውሃ ሁሉን ያጸዳል የሚለው እምነት ከቅባት የመጣ ይመስለኛል። ቅቤ የነካውን ሰሃን በቀዝቃዛ ውሃ ለማጠብ የሞከረ ሁሉ ሙቅ ውሃ ያምረዋል፤ ልክ ነው። ፕሮቲን ግን ጠባዩ ሌላ ነው። አሚኖ አሲድ የሚባሉ ቅንጣቶች ተያይዘው የሠሩት ረጅም ሰንሰለት ነው፤ ሰንሰለቱም ተዘርግቶ አይቀመጥም፣ እንደ ልቃቂት ተጠቅልሎ ነው የሚኖረው። ሲጠቀለል ውሃ የሚወደው ጎኑ ወደ ውጭ፣ ውሃ የሚሸሸው ጎኑ ወደ ውስጥ ይሆናል። ጥሬ እንቁላልም ሆነ ትኩስ ደም በቀዝቃዛ ውሃ የሚለቀው ለዚህ ነው። ሙቀት ሲያገኘው ልቃቂቱ ይተረተራል፤ ተሸሽጎ የነበረው ጎን ይገለጣል፤ ከውሃው ለመሸሽ ሲልም አንዱ ሰንሰለት በሌላው ላይ፣ ሁሉም በጨርቁ ክር ላይ ይጠመጠማሉ። ከዚያ ወዲያ በውሃ አይፈታም።

የእንቁላል ነጩ ክፍል ከ60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ጥቂት ከፍ ሲል መርጋት ይጀምራል፤ የደም ፕሮቲንም ከዚህ ብዙ አይርቅም። ጠብሰህ ያረጋኸውን እንቁላል በውሃ ላሟሟ ብትል ይስቁብሃል፤ ደም ያለበትን አንሶላ የፈላ ውሃ ውስጥ የሚነክር ሰው ግን የሚያደርገው ያንኑ ነው። አዲስ አበባ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ስላለች ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። «የኛ አገር የፈላ ውሃ ለስላሳ ነው፣ ምንም አይል» እያለ የሚከራከረኝ ባልደረባ ነበረ። በ92 ዲግሪ እንቁላል ይበስላል ወይስ አይበስልም ብዬ ስጠይቀው ሌላ ወሬ ያነሳል።

ደም ስታይ መጀመሪያ ጨርቁን ገልብጠህ በጀርባው በኩል የቧንቧ ውሃ ልቀቅበት። ውሃው እድፉን በገባበት በኩል ገፍቶ ያስወጣዋል፤ በፊቱ በኩል ብታፈስበት ግን ወደ ውስጥ ታሰርገዋለህ። ጨርቁን ከጨርቅ ጋር አትሸው። በተለይ በእጅ የተፈተለ ሸማ ክሩ ልል ስለሆነ ሲታሽ ይቦጫጨቃል፤ እድፉ ቢለቅ እንኳ ቦታው ሻክሮ ይቀራል። ከዚያ ሳፋ ውስጥ ቀዝቃዛ ውሃ ሞልተህ ዘፍዝፈው። ውሃው ሲቀላ ድፋና ሌላ ቀይር። ትኩስ ደም ከሆነ ሥራህ እዚህ ላይ ሊያልቅ ይችላል፤ ንጹሕ ውሃ ወደ ቀይ የደም ሕዋስ እየገባ ያሳብጠዋል፣ ያፈነዳዋል፤ ቀለሙን የሚሰጠው ሄሞግሎቢንም ወጥቶ ከውሃው ጋር ይሄዳል። አንዳንዶች ጨው ጨምርበት ይሉሃል። ጥቂት ጨው አንዳንዱን የደም ፕሮቲን ለማሟሟት ይረዳል፤ ቀዝቃዛ ውሃና ጊዜ ካለህ ግን ያለ ጨውም ይለቃል። እኔ ጨው ለወጥ ይሁን ባይ ነኝ።

የደሙ መልክ ዕድሜውን ይነግርሃል። ሄሞግሎቢን በመሃሉ ብረት አለው። ደሙ ከሰውነት ከወጣ በኋላ አየር ሲያገኘው ብረቱ ይለወጥና ቀዩ እየጠቆረ ቡናማ ይሆናል። ቀይ ከሆነ ቧንቧው ይበቃዋል፤ ቡናማ ከሆነ መዘፍዘፍ ይፈልጋል፤ ቡናማ ሆኖ ዳሩ ላይ እንደ ቅርፊት የደረቀ ከሆነ ደግሞ ሌሊቱን ስጠው። ጥፍርህን ግን አታስገባበት።

ቀዝቃዛ ውሃ ያላወጣውን ሳሙና ብቻውን አያወጣውም። ሳሙና ቅባትን አቅፎ ይወስዳል፤ የደረቀ ፕሮቲንን ግን የሚቆራርጥለት ይፈልጋል። የሚቆራርጠው ኢንዛይም ነው። ሳሙና ዱቄቶች ውስጥ በብዛት የሚገኘው ሰብቲሊሲን ይባላል፤ የሚመረተውም ባሲለስ ከሚባሉ የባክቴሪያ ዘሮች ነው። ረጅሙን ሰንሰለት እዚህም እዚያም እየበጠሰ ውሃ ሊወስደው የሚችል ቁርጥራጭ ያደርገዋል። አንዱን ቆርጦ ሲጨርስ ወደ ሌላው ያልፋል እንጂ በሥራው አያልቅም፤ ስለዚህ ጥቂቱ ብዙ ይሠራል።

የዚህ ነገር አጀማመር ደስ ይለኛል፣ እሱን ሳልነግርህ አላልፍም። ኦቶ ሮህም የሚባል ጀርመናዊ ኬሚስት ነበረ። መጀመሪያ ያሰበው ስለ ልብስ አልነበረም፤ ስለ ቆዳ ነበር። በዚያ ዘመን ቆዳ አልፊዎች ቆዳውን የሚያለሰልሱት በውሻ ኩስ ነው። አዎ፣ በውሻ ኩስ። ሮህም ሥራውን የሚሠራው በውስጡ ያለው ኢንዛይም መሆኑን ተረዳና ከእንስሳት ቆሽት በሚወጣ ኢንዛይም ተካው። ያ ሲሳካለት «ቆዳ ላይ ያለውን ፕሮቲን የሚፈታ ነገር ልብስ ላይ ያለውንስ?» አለ። እ.ኤ.አ. በ1913 የቆሽት ኢንዛይም ልብስ ለማጠብ የሚውልበትን ዘዴ በፓተንት አስመዘገበ፤ በዓመቱም ቡርኑስ የሚባል ማጠቢያ ገበያ ላይ ዋለ። ችግሩ የቆሽት ኢንዛይም የሳሙናን አልካሊነት እምብዛም አለመቻሉ ነው። ከዚያም እ.ኤ.አ. በ1947 ኮፐንሃገን በሚገኘው የካርልስበርግ ላቦራቶሪ ሊንደርስትሮም-ላንግና ኦተሰን የተባሉ ተመራማሪዎች የእንቁላል ፕሮቲንን ሲያጠኑ ከባክቴሪያ የሚወጣውን ሰብቲሊሲን አገኙ። ላቦራቶሪው የካርልስበርግ ቢራ ጠማቂ ያቋቋመው መሆኑን ልብ በል። ይኸኛው አልካሊ ውስጥ በደንብ ይሠራል። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በአውሮፓ የሳሙና ዱቄት ውስጥ ገብቶ ተስፋፋ።

ሲስፋፋ ግን ዋጋ አስከፍሏል። በፋብሪካዎቹ ውስጥ ኢንዛይሙ እንደ ብናኝ ሆኖ ይቦን ስለነበር ሠራተኞቹ አስም ያዛቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1969 እንግሊዝ አገር ይህን የሚያሳይ ጽሑፍ በሕክምና መጽሔት ወጣ። ከዚያ በኋላ ኢንዛይሙን በሽፋን ጠቅልሎ እንደ ፍሬ ማድረግ ተጀመረ። ዛሬ ዱቄቱ መሃል የምታያቸው ባለ ቀለም ፍሬዎች አንዳንዶቹ እነዚያ ናቸው። ይህን የምነግርህ ከትልቅ ከረጢት ወደ ባልዲ ስትገለብጥ ከላይ አትልቀቀው ለማለት ነው። ዝቅ አድርገህ በማንኪያ ቅዳ፤ የሚቦን ነገር አታሽት።

አሁን ወደ ሥራህ። ሆቴሉ የሚገዛው ዱቄት ኢንዛይም አለው ወይስ የለውም? ኦሞ የሚለውን ስም ለሁሉም ዱቄት ስለምንጠቀምበት ሁሉም አንድ ይመስለናል፤ አይደለም። ማሸጊያው ላይ አንብብ፤ ኢንዛይም ወይም ፕሮቲዬዝ የሚል ቃል ፈልግ። ርካሹ ብዙ ጊዜ የለውም። ጽሑፉን ካላመንከው ራስህ ፈትነው። ኬክ ቤቶች የሚጠቀሙበትን ጄላቲን በሙቅ ውሃ አሟሙተህ በሁለት ብርጭቆ አርጋው። አንዱ ላይ በለብ ያለ ውሃ የተበጠበጠውን ዱቄት ጥቂት አፍስስ፣ ሌላው ላይ ውሃ ብቻ፤ ሁለቱንም ቀዝቀዝ ባለ ቦታ አስቀምጠህ እደር። ጄላቲን ራሱ ፕሮቲን ነው። ኢንዛይም ካለ ጠዋት የረጋው ላዩ ቀልጦ፣ ውሃ ሆኖ ታገኘዋለህ፤ ከሌለ ሁለቱም እንደረጉ ናቸው። ለግዢ ክፍሉ ኃላፊ ሁለቱን ብርጭቆ ጎን ለጎን ብታሳየው ከብዙ ክርክር ታርፋለህ።

ኢንዛይም ለብ ያለ ውሃ ይወዳል፤ ከ30 እስከ 50 ዲግሪ ባለው መካከል በደንብ ይሠራል። በቀዝቃዛ ውሃም ይሠራል፣ ግን ቀስ ይላል፤ ስለዚህ ሙቀት ስትቀንስለት ሰዓት ጨምርለት። በፈላ ውሃ ከበጠበጥከው እሱም ፕሮቲን ስለሆነ እንደ እንቁላሉ ይሆናል፤ የሳሙናውን ዋጋ ከፍለህ ኢንዛይሙን ገደልከው ማለት ነው። የሠለጠነ አጣቢ የሚጣደፈው ማሽኑን በመሙላት ላይ ነው፤ በመዘፍዘፍ ላይ አይጣደፍም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይላሉ አባቶች፤ የእድፍ ነገር ግን ይብሳል፣ ሲሮጡ ያጠቡት ጭራሽ አይፈታም።

አንድ ክፉ ልማድ አለን፣ እሱን ከእጅህ አውጣ። ዱቄቱንና በረኪናውን አንድ ሳፋ ውስጥ አንድ ላይ መጨመር። በየቤቱ፣ በየሆቴሉ አይቻለሁ። ሰው ሁለት ጠንካራ ነገር ሲደባለቅ የበለጠ የሚጠነክር ይመስለዋል። በረኪና ኢንዛይሙን ያበላሸዋል። በሳፋው ውስጥ ያለው ፕሮቲንም በረኪናውን ይጨርሰዋል፤ ጨርቁ ላይ ያለው ደምና ላብ ክሎሪኑን ተሻምቶ ይበላዋል። ለሁለቱም ከፍለህ ሁለቱንም ታጣለህ። እ.ኤ.አ. በ1985 አሜሪካ ውስጥ ሳይንቲስቶች በሰብቲሊሲን ውስጥ በኦክስጅን የሚጎዳውን አንዱን አሚኖ አሲድ በሌላ ተክተው ማንጪያን የሚቋቋም ኢንዛይም ሠርተዋል። ያ ግን ዱቄት ውስጥ ከሚጨመረው የኦክስጅን ማንጪያ ጋር እንዲስማማ ነው፤ በረኪናን የሚችል እንዳይመስልህ። መጀመሪያ ኢንዛይሙ ሥራውን ይጨርስ፤ በደንብ ይለቅለቅ፤ ነጭ ጥጥ ከሆነና አሁንም ጥላው ካለ ያን ጊዜ በረኪናውን አቅጥነህ ለብቻው።

በረኪናን ከሎሚ፣ ከኮምጣጤ፣ አሲድ ካለበት የሽንት ቤት ማጽጃ ጋር እንዳታገናኘው። የሚወጣው ክሎሪን ጋዝ ነው፤ ሳንባ ያቃጥላል። ሽንት የነካው አንሶላ ላይም ሳታለቀልቀው በረኪና አታፍስስ፤ ከሽንቱ አሞኒያ ጋር ተዋሕዶ ዓይንና ጉሮሮ የሚያሳክክ ሌላ ጋዝ ያመጣል። ክፍሉ መስኮት ከሌለው ለአለቃህ በጽሑፍ አመልክት። በቃል የተነገረ ነገር ይረሳል።

ከቀዝቃዛው ውሃና ከኢንዛይሙ በኋላ ነጭ ጨርቅ ላይ ቢጫ ወይም ቡናማ ጥላ ከቀረ ሌላ መሣሪያ አለ፤ ፋርማሲ የሚሸጠው 3 በመቶ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ። ደም ላይ ስታፈስበት ይፈላል፣ አረፋ ያወጣል። ደሙ ውስጥ ካታሌዝ የሚባል ኢንዛይም ስላለ ፐርኦክሳይዱን ወደ ውሃና ኦክስጅን እየከፋፈለው ነው። አረፋው ሲበርድ በቀዝቃዛ ውሃ አለቅልቀው፤ ካስፈለገ ድገመው። ባለ ቀለም ልብስ ላይ ግን ቀለሙንም ስለሚያነጣው መጀመሪያ የማይታይ ጥግ ላይ ሞክር፤ የሐበሻ ቀሚስ ጥለት ላይ ደግሞ ጭራሽ አትሞክር። ዝገት የነካው ጨርቅ ላይም አታድርገው፤ ብረቱ ፐርኦክሳይዱን አስቆጥቶ ክሩን ያስበላዋል፣ እድፉ የነበረበት ቦታ ቀዳዳ ይሆናል። ጠርሙሱ ቡናማ የሆነው ብርሃን ስለሚያበላሸው ነውና ወደ ሌላ ጠርሙስ አትገልብጠው።

ሱፍና ሐር ሲመጣልህ እስካሁን ያልኩህን ግማሹን እርሳው። ጥጥ ሴሉሎስ ነው፤ ፕሮቲን ቆራጩ ኢንዛይም አይነካውም። ሱፍ ግን የበግ ፀጉር ነው፣ ኬራቲን የሚባል ፕሮቲን ነው፤ ሐርም የትል ፕሮቲን ነው። ኢንዛይሙ ደሙን ከሱፉ ለይቶ አያውቅም። ደጋግመህ ብትዘፈዝፈው እድፉንም ልብሱንም ይበላል። በረኪና ደግሞ ይብሳል፤ ሱፍን ጠንካራ በረኪና ውስጥ ብትተወው ያሟሟዋል። እንግዳ የመንዝ ባና ወይም የሐር ሻርፕ ይዞ ከመጣ ቀዝቃዛ ውሃ፣ ጥቂት ሻምፑ፣ በመዳፍ ጫን ጫን፣ በቃ። ሻምፑ ለፀጉር ከተስማማ ለሱፍም ይስማማል። አትጠምዝዘው፤ በፎጣ ጠቅልለህ ውሃውን አስመጥጠው።

ሆቴል ውስጥ ንጹሕ የፕሮቲን እድፍ ብዙ አታገኝም፤ የሚበዛው የተደባለቀው ነው። የገበታ ጨርቅ ላይ ዶሮ ወጥ ሲደፋ እንቁላሉም፣ ቅቤውም፣ በርበሬውም አንድ ላይ ነው የሚያርፈው። ማኪያቶ ወተቱ ፕሮቲን ነው፣ ቡናው ግን አይደለም። እንዲህ ያለው ላይ ሁልጊዜ በፕሮቲኑ ጀምር፦ ቀዝቃዛ ውሃ፣ ከዚያ ኢንዛይም በለብታ፣ ከዚያ ቅባቱን በፈሳሽ ሳሙና፣ መጨረሻ ላይ ሙቀቱን። ፕሮቲኑ ከለቀቀ ሙቀቱ ለቅቤው ይጠቅማል። አልጫ ያለበት ጨርቅ ሳሙና ሲነካው ድንገት ደም መስሎ ቢቀላብህ አትደንግጥ፤ እርዱ ነው፣ አልካሊ ሲያገኝ ይቀላል። አጥበህ ፀሐይ ላይ አስጣው፤ የእርድ ቀለም ብርሃን አይችልም፣ ይደበዝዛል።

ፀሐይን ካነሳሁ የሕፃናትን ነገር ልጨምር። ቤተሰብ ይዞ የሚያርፍ እንግዳ ሲኖርህ የሕፃን ጨርቅ ይመጣል። ከታጠበ በኋላ የሚቀረው ቢጫ ከሐሞት የሚመጣ ቢሊሩቢን የሚባል ቀለም ነው። ብርሃን ይሰባብረዋል። ቢጫ የሆኑ ጨቅላዎች ሆስፒታል ውስጥ ሰማያዊ መብራት ሥር የሚተኙት ለዚሁ ነው፤ መብራቱ በቆዳቸው ውስጥ ያለውን ያንኑ ቀለም ይለውጠዋል። አንሶላውን እርጥብ ሳለ ፀሐይ ላይ ዘርጋው፣ በማድረቂያ ማሽን አትቸኩል።

ወተት ላይ ሎሚ አትጭመቅ። የወተት ዋናው ፕሮቲን ኬዚን ይባላል፤ እንደ እንቁላል በሙቀት ቶሎ አይረጋም፣ አሲድ ሲነካው ግን ወዲያው ይረጋል። አይብ ያወጣ ሁሉ ያውቀዋል። የረጋ ኬዚን በዱሮ ጊዜ ለአናጢዎች ሙጫ ይሠራበት ነበር፤ ሸሚዝ ላይ ሙጫ መሥራት አትፈልግም። ለወተት የሚስማማው አልካሊ ነው፣ ማለትም ሳሙና፤ እሱም ከቀዝቃዛው ውሃ በኋላ። የብብት ቢጫ ደግሞ ላብ ብቻ አይደለም፤ ላብ ማገጃው ውስጥ ያለው የአሉሚኒየም ጨው ከላቡ ፕሮቲን ጋር ተጣብቆ የሚሠራው ነው። በረኪና ያባብሰዋል እንጂ አያነጣውም፤ ኢንዛይም ውስጥ አሳድረው።

ስለ እንዶድ ጠይቀኸኝ ነበር። እናቶቻችን ጋቢና ነጠላ ያጠቡበት የነበረው በከንቱ አይደለም። ፍሬው ደርቆ ሲፈጭ አረፋ የሚያወጣው ሳፖኒን ስላለው ነው፤ ሳፖኒን ደግሞ የሕዋስን ሽፋን ይበሳል። እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ ዓድዋ አካባቢ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አየ። የቢልሃርዚያን ጥገኛ የሚሸከሙት እነዚህ ቀንድ አውጣዎች ስለሆኑ ነገሩን ይዞ ዕድሜ ልኩን ተመራመረበት፤ እ.ኤ.አ. በ1989 ከዶክተር ለገሠ ወልደዮሐንስ ጋር የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተቀበለ። ሳፖኒን የቀይ ደም ሕዋስንም ሽፋን ያፈርሳል፤ ስለዚህ ለትኩስ ደም እንዶድ ክፉ አይደለም። የደረቀውን ግን አይቆራርጥልህም፤ ሳፖኒን ኢንዛይም አይደለም። ፕሮቲን የሚቆራርጠው ፓፓያ ነው፣ ጥሬው ፓፓያ ሥጋ የሚያለሰልሰው በዚያ ነው፤ አንሶላ ላይ ግን ሌላ እድፍ ስለሚተክል ለወጥ ቤት ተውላቸው።

ደም የነካ ነገር ያለ ጓንት አትንካ። ይህን እንደ አክስት ሳይሆን እንደ አለቃ ነው የምነግርህ። የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ በደረቀ ደም ውስጥ ቢያንስ 7 ቀን ድረስ በሽታ የማስያዝ አቅሙን ይዞ ሊቆይ ይችላል። አንሶላ አታራግፍ፤ መርፌ ወይም ምላጭ ተጠቅልሎበት ሊሆን ስለሚችልም ወደ ደረትህ አትቀፈው። የክትባቱን ነገር ጤና ጣቢያ ሄደህ ጠይቅ። ሆስፒታል ሳለሁ አንሶላዎቹን መጀመሪያ በቀዝቃዛ ውሃ እናለቀልቅ ነበር፤ ሙቀት የምናመጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል ለሙቅ እጥበት የሚመክረው ቢያንስ 71 ዲግሪ ለ25 ደቂቃ ነው። ሙቀት ጀርም ይገድላልና አስፈላጊ ነው፤ ቦታው ግን ከኋላ ነው። የሆቴላችሁ ማሽን በቀዝቃዛ የሚያለቀልቅ መጀመሪያ ዙር ካለው፣ ሰዓት ለመቆጠብ ብለው እንዳይዘሉት ተከራከር።

ከሆስፒታል የሚመጣ ጨርቅ ውል ከያዛችሁ ደግሞ አንድ ነገር አስብ፦ ክሎርሄክሲዲን የሚባል የቁስል ማጽጃ የነካው ጨርቅ በረኪና ሲያገኝ የማይለቅ ቡናማ ይሆናል። ብዙ አጣቢ ደም መስሎት በረኪናውን ይጨምርበታል፤ ይባስ ብሎ ይጠቁራል።

አንሶላ ላይ የሴት ደም ብታገኝ ፊትህን አታጥቁር፣ ከጓደኞችህም ጋር አትሳሳቅበት። ደም ነው፤ የሚታጠብበትም መንገድ ከነስር ደም አይለይም። አንዲት እንግዳ አፍራ ራሷ በሙቅ ውሃ ልታጥበው ሞክራ እድፉን አጋግራው ስትሄድ ብዙ አይቻለሁ። ክፍል የምታጸዳዋ ልጅ «እንዲሁ ይተውት፣ እኛ እናጥበዋለን» ብላ በትሕትና ብትነግራቸው ለእንግዳዋም ለአንሶላውም ይሻላል። ይህን ለቤት አያያዝ ኃላፊዋ ንገራት።

ካውያ የመጨረሻው ነው፤ ማድረቂያ ማሽንም እንደዚያው። እርጥብ ጨርቅ እድፍ ይደብቃል። ገመድ ላይ ደርቆ፣ ብርሃን ላይ ይዘኸው ምንም እስካላየህ ድረስ ካውያ አታስነካው። ጥላ ካየህ ወደ ሳፋው መልሰው፤ ሳይተኮስ የተመለሰ ልብስ ዕድል አለው።

የእንግዳ ልብስ ስትቀበል እድፉን እዚያው ባለቤቱ ፊት እይ። ምን እንደሆነ፣ መቼ እንደነካው፣ ሙቅ ውሃ ወይም ካውያ አግኝቶት እንደሆነ ጠይቅ፤ ያሉህንም ደረሰኙ ላይ ጻፍ፣ ያስፈርሙበት። ካውያ የነካው ደም ወይም እንቁላል ከሆነ «እሞክራለሁ» በል፤ «ይለቃል» አትበል። የተጋገረ ፕሮቲን በለብታ ኢንዛይም ውስጥ ሌሊቱን ከቆየ ሊላቀቅ ይችላል፣ አንዳንዴም ሁለት ሌሊት ይፈልጋል። ስለዚህ እንዲህ ያለውን ልብስ ለነገ አትቅጠር፤ የማስረከቢያውን ቀን ከነገ ወዲያ አድርገህ ጻፈው።